ሐዲዱ ላይ የሚሳለሙ ሰዎች

ልጄ ሰላም ባለፈው ሐምሌ ከቤልቪው ወጣ ብሎ በገዛችው ቤት ጓሮ የአበባ መደብ አሠርታ ነበርና «መጥተሽ እዪልኝ» ብላ ጠራችኝ። መደቡን ያጠሩላት በወፋፍራም ጥቁር እንጨት ነው። የዚያን ቀን ፀሐይዋ በርትታ ስለነበር እንጨቱ ወዝቷል፤ የካትራሜው ሽታ ገና የጓሮውን በር ሳልፍ አፍንጫዬን መታኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ማም፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ይሄን እንጨት ከየት አመጣሽው?»

«ኢትስ ጀስት ዉድ፣ ማም። ከባቡር ሐዲድ ሥር የተነቀለ ነው። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ሰው እየገዛው ነው።»

ምን ልበላት? አንድ ሰሞን አባቷን ሊወስድብኝ ያደባ ነገር ነው፤ እሷ ጽጌረዳ ተክላበታለች። እጅሽ ይባረክ ብዬ መረቅኳት፤ የሰጠችኝንም ቀዝቃዛ ሻይ ጠጣሁ። ልቤ ግን ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ከቸሪ መንገድ ገባ ብሎ፣ በረንዳው ወደ አንድ ጎን ባዘመመ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ያንን ቤት አፍርሰው በቦታው ቀጫጭን ፎቆች ገጥግጠውበታል፤ የአንዱን ዋጋ ሲነግሩኝ ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚያስደውል ካርድ በአምስት ዶላር ይገዛል፤ በሳንቲም ስንፍቀው የሚረግፈው ብርማ ዱቄት ጥፍራችን ሥር ይቀራል። የአውቶቡስ ሾፌር ሌላ አውቶቡስ የሚያሳፍር ባለቀለም የወረቀት ትራንስፈር ቀዶ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ያላለፈበትን ወረቀት ፌርማታ ላይ ለማያውቁት ሰው መስጠት ደግሞ እንደ ጽድቅ ይቆጠር ነበር። እኔ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛሁትን ግራጫ ሱፍ ለብሼ፣ እግሬ ላይ የቴኒስ ጫማ አድርጌ፣ ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዤ ሐይቁን በድልድይ የሚያቋርጠው አውቶቡስ ላይ እሳፈራለሁ። ባለቤቴ በቀለ ቢጫ ታክሲ ይነዳል። የቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር ገባ ተብሎ ታክሲ ነጂው ሁሉ የሚያለቃቅስበት ዘመን ነበር። ሌሊቱን ሠርቶ፣ ሬዲዮው ላይ የምትንጫጫውን የጥሪ ሠራተኛ ድምፅ ዝም አሰኝቶ፣ ሲነጋጋ የመዝሙር ሲዲውን ከፍ ያደርግና ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ነው ቤት የሚገባው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። በር ላይ ነው የምንገናኘው፤ ሁልጊዜ ጉንጩ ቀዝቃዛ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ካፒቶል ሂል አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ከርሜ፣ ማታ ማታ ተምሬ፣ ቤልቪው አንድ አበዳሪ ድርጅት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ባጭሩ መጠርጠር ነው። ኩባንያ ብድር ይጠይቃል፤ እኔ ይሄ ኩባንያ በምን በምን ሊወድቅ ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ ያሰብኩትን እጽፋለሁ። እናቴ በሕይወት እያለች በስልክ ስነግራት፣ «ለጥርጣሬም ደሞዝ ይከፈላል?» ብላኝ ነበር። ይከፈላል። ትልልቅ ባንኮች እንደ ሸክላ ድስት በሚሰነጠቁበት በዚያ ዘመን እንዲያውም ጭማሪ ተከፍሎበታል።

አለቃዬ ግሬግ አንድ ቀን የባቡር ኩባንያ ሰጠኝ። ባቡር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ይህኛው ግን ከወደቡ ተነስቶ በደቡቡ የመጋዘን ሰፈር እየተሽሎከለከለ ጣውላ፣ ቁርጥራጭ ብረትና ዱቄት የሚያመላልስ ትንሽ የቤተሰብ ኩባንያ ነበር። ድልድይ ሊያድስ ብድር ጠየቀ። እንዲህ ያለ ኩባንያ ሲመዘን መጀመሪያ ገቢው ዕዳውን ይችላል ወይ ይባላል። ቀጥሎ አንዱ ትልቅ ደንበኛ ጥሎት ቢሄድ ይቆማል ወይ ይባላል። ከዚያ ሐዲዱና ድልድዩ ይታያል። ይሄን ሁሉ ደህና አለፈልኝ። የቀረኝ የአደጋ ነገር ነው። ትንሽ የባቡር ኩባንያ ሰው ከገጨ የካሳውን የመጀመሪያ ድርሻ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ክፉ ጠዋት ኩባንያውን ሊዘጋው ይችላል። ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው፤ አንድም ሰው አልገጩም። ታዲያ የኢንሹራንሱ ክፍያ ለምን ይጨምራል? ባቡር ነጂዎቹስ ለምን እየለቀቁ ይሄዳሉ? ቢሯቸው ሄጄ ይህንን ስጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው ባለቤት ኮፍያውን እያሽከረከረ፣ «አንድ ጠዋት ከሮይ ጋር ተሳፍረሽ ብታዪው ይሻላል» አለኝ።

ሮይ የባቡር ነጂ ነው፤ ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ ሪዝ፣ ልጅ የሚያክል ቴርሞስ። ኅዳር ነበር፤ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ሎኮሞቲቩ ላይ የወጣሁት መሰላሉን በዳበሳ ይዤ ነው። ውስጡ ናፍጣና ካትራሜ ይሸታል። ጥቂት እንደሄድን ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ፊት ለፊት አንድ መሻገሪያ አለ። እዚያ ይቆማሉ።»

«እነማን?»

«አላውቅም። መኪና ሐዲዱ መሃል ላይ ይቆማል። ሰውየው አንገቱን ይደፋል። ጡሩምባ እነፋለሁ፤ ቀና አይልም። እንቅልፍ አይደለም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ከዚያ ግንባሩን ነክቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ወደ እኔ ዞሮ ያየ ሰው አንድም የለም።»

«ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው?»

«የተለያዩ ናቸው። ወንድም አለ፣ ሴትም አለ፤ አንዳንዷ ነጭ ትለብሳለች። የሚያደርጉት ግን አንድ ነው። ከእኔ በፊት እዚህ መስመር ላይ የነበረው ልጅ በዚህ ነው የለቀቀው። የሞቱ ሰዎች ናቸው ይል ነበር።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ጡረታ ሊወጣልኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ምንም አልልም።»

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልዋሽም። ሁለት ግራጫ መጋዘኖች ግራና ቀኝ ከጉሙ ወጡ፤ በመካከላቸው ክፍተት ታየ፤ በክፍተቱ ውስጥ፣ ከጣሪያ በላይ፣ መስቀል። እጄ ሳላዘው ተነሥቶ ግንባሬ ላይ ደረሰ። አማተብኩ፤ ጎንበስም አልኩ። ቀና ስል ሮይ ወደ ግድግዳው ተለጥፎ በትልልቅ ዓይኖቹ ያየኛል።

«አንቺም?» አለኝ።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ምእመኑ አዋጥቶ የገዛው አሮጌ መጋዘን ነው፤ ዙሪያውን መጋዘን ስለከበበው ከየትም አይታይም። መስቀሉ መጀመሪያ የሚታየው ከዚያች ክፍተት ብቻ ነው፤ ክፍተቷ ያለችው ደግሞ ሐዲዱ ላይ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ቆሞ ይሳለማል፤ ይሄን ማን ያስተምረዋል፣ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የለመደው ነው። እኔ ራሴ እሑድ እሑድ ከበቀለ ጎን ተቀምጬ እዚያችው ላይ ስሳለም ኖሬያለሁ። ሐዲድ መኖሩን እንኳ አስቤ አላውቅም። መኪናው ሲንገጫገጭ «ደረስን» ነው የምንለው።

ይሄን ለሮይ ላስረዳው አፌን ስከፍት ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ጡሩምባውን ተጫነው። መሻገሪያው ላይ መኪና ቆሟል። ቢጫ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት አንድ ጥጉ የተሰበረ፣ በፕላስተር የታሰረ ነው፤ ፕላስተሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በቀለ አንገቱን ደፍቷል።

ባቡር እንደ መኪና አይቆምም። ሮይ ፍሬኑን ይዞ ይጮኻል፤ ብረቱ ይጮኻል፤ ጡሩምባው ይጮኻል፤ እኔ ስሙን እጠራለሁ። እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የሚያየኝ ያህል ቀርበን ነበር፤ አላየኝም። ከዚያ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ግራውን፣ ቀኙን ነካ፤ ማርሽ አስገባ፤ እንደ ባለርስት ዝግ ብሎ ሄደ። እኛ መሻገሪያውን አልፈን ነው የቆምነው። ሮይ ቡና ቀዳልኝ። «ባሌ ነው» አልኩት። ትንሽ ፈቀቅ አለ።

ቤት ስደርስ በቀለ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ተሳለምክ?»

«ሳልሳለም ገብቼ አውቃለሁ እንዴ?»

«ባቡር አላየህም?»

«የት?»

«ሐዲዱ ላይ፣ በቀለ። በላይህ ላይ ሊመጣ ነበር። እኔ ውስጡ ነበርኩ።»

ቢላዋውን አስቀመጠና በሐዘኔታ አየኝ። «አስኩ፣ ያ እኮ የሞተ ሐዲድ ነው። ስንት ዓመት ሳልፍበት አንድ ቀን ባቡር አይቼ አላውቅም። ድምፁንም ሰምቼ አላውቅም። ይሄ ሥራ አደከመሽ።»

ሲዲው ጮኾ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ሲበላ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ባቡር? የምን ባቡር? ያየ የለም፤ የሰማ የለም። አውራ ጎዳና ላይ ፖሊስ ከሩቅ የሚያሸቱ ታክሲ ነጂዎች ናቸው እኮ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉ ሰዎች አይደሉም። መጨረሻ ላይ የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ይቀበላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያስገዙ እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ መሻገሪያ ሰው ይበላል። እርስዎ አንድ ነገር ይበሉ።»

«ልጄ፣ ቦታውን ስንገዛ እኮ ሐዲዱ ላይ ሳር በቅሎ ነበር። ሪል እስቴት ኤጀንቱ ራሱ፣ ኦኬ፣ እዚህ ምንም አያልፍም ብሎናል።»

«ጋሼ፣ እኔ ራሴ ባቡሩ ላይ ሆኜ አይቻችኋለሁ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስካለ፣ ጠበል ከተጠመቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ባቡር ነጂዎቹ እኛን ሙት ይሉናል፤ እኛ ባቡሩን የለም እንላለን። ሁለቱም ምለው ይናገራሉ፤ በመካከል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔንም አንዱ ወገን ጠበል ሲያዝልኝ ሌላው ይሸሸኛል። ነገሩ የገባው ግሬግ ብቻ ነበር፤ እሱም በግማሽ። ሁሉን ነገርኩት። የእኔ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሲሰማ ጉዳዩን ለሌላ ሰው ላስተላልፈው ወይ አለኝ። «ለሌላ ሰው ብትሰጠው መናፍስት ናቸው ብሎ ይጽፋል» አልኩት። አሰበና፣ ብድሩን እንስጥ፤ ግን መሻገሪያው ላይ ደወል እንዲተክሉ ቅድመ ሁኔታ እናድርግ አለ።

«ደወል ከሆነስ ይብሳል።»

«ለምን?»

«ደወል ሲሰሙ የቅዳሴ መስሏቸው ይቆማሉ።»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። መስኮቱ ላይ ቆሞ ሐይቁን እያየ፣ «እሺ፣ ዝቅ ብሎ መንገድ የሚዘጋ ግንድ ያድርጉ» አለ። እንደዚያ ጻፍን። የከተማው ፈቃድ እስኪወጣ ግን ወራት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ሞት ደግሞ የከተማ ፈቃድ አይጠብቅም።

ያዳነን የቄሳችን ብልሃት ነው። እሳቸውም ባቡሩን አላመኑም፤ እኔን ግን አዘኑልኝ። አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በመኪና የምትመጡ ሁሉ የምትሳለሙት ሐዲዱ ላይ ሳትደርሱ፣ ጎማ ቤቱ ጋ ነው። መስቀሉ ባይታይም እግዚአብሔር ልብ ያያል» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሆኖም ታዘዘ። ጎማ ቤቱ ጥግ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተሰልፎ፣ ሁሉም ለተደረደረ ጎማ ጎንበስ ብሎ እያማተበ ያልፋል። የጎማ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ሰሞን በሩን ከውስጥ ቆልፎ በቀዳዳ ያየን ነበር። ሮይ ደውሎ፣ «አሁን የሚቆም የለም፤ አንዱ ታክሲ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

በቀለ ነዋ። «ለጎማ አልሰግድም» አለ። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ አኮረፍኩት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲታየኝ ነው የምሳለመው። በሌለ ባቡር ምክንያት ጎማ ሥር አታንበርክኪኝ» ይላል። ሌላውን ሁሉ እሺ የሚለኝ ሰው ነው፤ በዚህች ግን ድርቅ አለ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ትንሽ ካረፈደ ጆሮዬ ውስጥ ያ ብረት ይጮኻል።

በመጨረሻ፣ በዓይኑ ይየው አልኩ። ሮይን ሰዓቱን ጠይቄ አንድ ጠዋት ታክሲው ውስጥ ገባሁ። ጎማ ቤቱ ጋ ፓርክ አስደረግሁትና በእግራችን ሐዲዱ ድረስ ሄድን። ጉሙ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከሐዲዱ ጫፍ አንድ እርምጃ ሲቀረን መስቀሉ ብቅ አለ። «ቆይ፣ አንዴ ልሳለም» ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ጡሩምባው ተነፋ።

«በቀለ» አልኩት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከጫማዬ ሥር ጠጠሩ መንጠር ጀመረ። ኮቱን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። መብራቱ ከጉሙ ወጣ፤ ባቡሩ መጣ፤ በእሱና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል አለፈ። ነፋሱ የኮቱን ጫፍ አነሣው። ሮይ ከመስኮቱ ወደ ታች አየን፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ኮፍያውን አወለቀ። ጣውላ የጫኑት ፉርጎዎች አለፉ፤ ብረት የጫኑት አለፉ፤ የዱቄቶቹ አለፉ። ጩኸቴን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። በቀለ ጎንበስ እንዳለ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ሰላም አሁንም ይታየኛል። የመጨረሻው ፉርጎ ጉሙ ውስጥ ገባ። ቀና አለ፤ አማተበ፤ ኮፍያውን አጠለቀ።

«ይኸው። ባቡሩ የታል?» አለኝ።

ኮቱን አልለቀቅሁለትም።

«ኮቴን ለምን እንዲህ ያዝሽው? ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ?»

እጁን ስቤ ሐዲዱን አስነካሁት። ብረቱ ገና ይርገበገብ ነበር፤ እኔ መዳፌ ውስጥ ይሰማኛል። «ቀዝቃዛ ብረት ነው፣ አስኩ» አለ። በኋላ ጆሮውንም ዓይኑንም ሐኪም ቤት አስመረመርኩት። ምንም የለበትም፤ ሐኪሙ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል አለ።

ያን ጠዋት እዚያው ቆመን የመኪናውን ቁልፍ እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። መንዳት እንደምፈራ ያውቃል፤ አውቶቡስ የለመድኩትም በዚሁ ነው። ምናልባት ማልቀሴን አይቶ ይሆናል ሳይከራከር ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ በር ላይ ቁልፉን ይሰጠኛል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምነዳው እኔ ነኝ። ግንዱ ከተተከለም በኋላ፣ ኩባንያው ብድሩን ከፍሎ ከጨረሰም በኋላ፣ በቀለ ታክሲውን ሸጦ፣ ታሞ፣ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ እስኪጀምር ድረስ በዚያ መንገድ መሪውን አልለቀቅሁለትም። ልቡ ደክሞ አልጋው ላይ፣ እጁን ይዤው ነው የሞተ።

ያን ሁሉ ዓመት መስቀሉ ሲታይ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ይላል። እኔ በዚያች ቦታ አንድም ቀን አልተሳለምኩም። «አንቺ ደግሞ ምነው ደነደንሽ?» ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከሁለታችን አንዱ ዓይኑን መግለጥ ነበረበት።